ሆኖሉሉ ላይ «ኖር!» ያስተማርኩበት ጉዞ

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ

ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ካለው አፓርታማዬ ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ ወረድኩ። ፒኮ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ገና አልጀመረም። ጎረቤቴ ተፈራ፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ተማሪ ነው፤ በአሮጌ ቮልስዋገኑ ድራይቭ አድርጎ ኤርፖርት ወሰደኝ።

«ጋሼ፣ ሆኖሉሉ እኮ ሐበሻ የለም» አለኝ።

«የወንድሜ ልጅ ዳንኤል አለ። እኔ ስደርስ ሁለት እንሆናለን፤ ማኅበር ይቆማል!»

ዳንኤል እዚያ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። «ትርፍ ክፍል አለን፣ መጥተው ከእኛ ጋር ይኑሩ» ብሎኛል። አይቼ ልወስን ነው የሄድኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ብቻዬን እራት መብላት ሰልችቶኛል። እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ፣ ከጋዜጣ ላይ የተማርኩ ሰው ነኝና ደሴት አይከብደኝም።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ሙቀቱ ሸሚዝን ከጀርባ ያጣብቃል። ዳንኤል የአበባ ጉንጉን አጠለቀልኝ። በመንገዱ ዳር ዘንባባ፣ አናናስ የጫነ መኪና፣ በባዶ እግሩ ባንክ የሚገባ ፈረንጅ። ሎስ አንጀለስ አንድ ፓፓያ በምገዛበት ዋጋ እዚህ ሦስት ይገኛል። ሚስቱ ሊንዳ ክፍሉን አሳየችኝ። መስኮቱ ባሕሩን ያያል። ልቤ ሸፈተ።

ቅዳሜ፣ አመሻሽ

ከሌላ አገር መጥተው እዚህ የሚኖሩ ሰዎች በየቅዳሜው ተራ በተራ በአንዳቸው ቤት ይሰባሰባሉ። የዛሬው ተራ የአንድ አውስትራሊያዊ ነበር። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ቤቱ ሙሉ ሰው ተቀምጧል። እንደ ወጉ እስኪነሱልኝ ቆሜ ጠበቅሁ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ዳንኤልም አልፎኝ ሄዶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ እንጂ! እዚህ ማንም ለማንም አይነሳም።»

እኔ ደግሞ ወግ ሲፈርስ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጃፓናዊት ሲገቡ ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ትርጉሙን፣ መልሱም «በእግዜር!» እንደሆነ በጥሩ እንግሊዝኛ አስረዳሁ። ከዚያ ወዲያ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ብድግ! በረዶ ይዞ ለገባው «ኖር!»፣ ለውሻው «ኖር!»

«የዛሬው ግብዣ ያንተ ነው!» አለኝ አውስትራሊያዊው ትከሻዬን እየመታ። የቀረበውን የአሳማ ሥጋ ትቼ ዓሣና ሩዝ በላሁ፤ ጣፈጠኝ።

እጄን ታጥቤ ስመለስ ወሬው ስለ ባሕር ማዕበል ሆኗል። በሩ ላይ ጥቂት ቆምኩ፤ «ኖር!» ያለ የለም። ዳንኤል አየኝ። ሊነሳ ብሎ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጥ አደረገ፣ ግራ ቀኙን ቃኘ፣ ከዚያ ለቀቀው።

እሑድ፣ ረፋድ

ዳንኤል ኤርፖርት አብሮኝ ተቀምጧል።

«ሶ ጋሼ፣ መቼ ይመጣሉ? ክፍሉ እኮ የእርስዎ ነው።»

«አይሆንም፣ ልጄ። ሎስ አንጀለስ ብዙ ሰው ይፈልገኛል።»

«እነማን?» አለኝ፤ ከልቡ ሊያውቅ ፈልጎ።

እግዜር ይስጠው፣ የአውሮፕላኑ ጥሪ ተሰማ። ከሁሉ ቀድሜ ተነሳሁ።