ሁዳዴን የረሳው የቄስ ልጅ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ገና አልተወለደችም ነበር። ብዙ ዘመን ስላለፈው የተውሁት ይመስለኝ ነበር። ሰሞኑን ግን ባንክ የምትሠራ ጎረቤቴ "ጋሼ፣ እየሠራሁ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ወይስ ይቅርብኝ?" ብላ ብትጠይቀኝ "ቆይ ላስብበት" አልኋት። ሦስት ቀን ሳሰላስለው ሰነበትሁና ይኸው ብዕር አነሣሁ።

በዚያን ጊዜ የምሠራው ከጣና አስጋሪዎች ዓሣ እየገዛ ወደ አዲስ አበባ በሚልክ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። የዕቅድ ሠራተኛ ነበርሁ። በሥራ አመራር ዲግሪ ይዤ የመጣሁ፣ ከደረት ኪሴ ሁለት እስክሪብቶ የማይለየኝ ሰው ነበርሁ። በግቢው ውስጥ ዲግሪ ያለን ሁለት ብቻ ስለነበርን ልቤ ትንሽ አብጦ ነበር፤ አልዋሽም።

ዋናው ሥራዬ በረዶ ይዞ የሚመጣው የዓሣ መኪና በየወሩ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ማቀድ ነበር። አስጋሪዎቹ ከእኛ በቀር ለሌላ መሸጥ አይፈቀድላቸውም። መኪናው ከቀረ ዓሣቸው እዚያው ሐይቁ ዳር ይበላሻል።

በሁዳዴ የከተማ ሰው ሥጋውን ትቶ ዓሣ እንደሚፈልግ ማንም ያውቃል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያሻም። እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ እንኳንስ ሥጋ፣ በሁዳዴ ዓሣም አይቀምሱም ነበር። ስለዚህ የዓመቱን ዕቅድ ስጽፍ "በሁዳዴ ጾም ምክንያት መኪናው በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመላለስ" ብዬ አሰፈርሁ።

ከዚያ እስክሪብቶዬን እንደያዝሁ ፈዝዤ ቀረሁ። ፊት ለፊቴ የሶሻሊዝም አባቶች የሚባሉት የሦስቱ ጢማሞች ሥዕል ተሰቅሏል። በመንግሥት ዕቅድ ላይ ጾም? የቄስ ልጅ መሆኔን ቢያነሡብኝስ? አድኃሪ ቢሉኝስ? ዘመኑን የኖረ ያውቀዋል። ቢሆንም ማንም አልተናገረኝም፤ ማንም ወረቀቱን አላየብኝም። በገዛ እጄ ሰረዝሁት። ለሁሉም ወር እኩል፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ብዬ አሳምሬ ገለበጥሁና አስፈረምሁ።

ሁዳዴ ገባ። አዲስ አበባ ላይ ዓሣ ጠፋ ተብሎ ሰው ይሰለፋል። እዚህ አስጋሪዎቹ ወቅቱን ያውቃሉና መረባቸውን አብዝተው ጥለዋል፤ ዓሣውም ሞልቷል። መኪናው ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ብቅ ይላል። የተረፈውን አምባዛና ቆሮሶ ዓሣ አስጋሪዎቹ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ደንግጬ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ደውዬ ተጨማሪ መኪና ብለምን "በዕቅዱ ላይ የለም" አሉኝ። በእኔው ዕቅድ!

ከፋሲካ በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ገምጋሚዎች መጡ። ሁለት ቀን ወረቀት ሲያገላብጡ ዋሉና ጥፋቱ የመጣው "ከዕቅድ ሠራተኛው የእውቀት ማነስ" ነው ብለው ደመደሙ። ሲነበብ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

ቅጣት ስጠብቅ ምን ቢመጣልኝ ጥሩ ነው? ትምህርት! እውቀት ያነሰው ሰው ይማር ተባለ። አዲስ አበባ ተዛውሬ ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት እየሠራሁ፣ ማታ በሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪዬን እንድማር አንድ ቦታ ተገኘልኝ። ፎርሙን ፈርሜ እስከ ዓርብ መመለስ ነበረብኝ።

የቢሮ ሰዎች "ዓሣ አበላሽተህ ዲግሪ ተሸለምህ!" እያሉ ሳቁብኝ። ባለቤቴ ታንጉት አስተማሪ ናት፤ እናቷ አዲስ አበባ ይኖሩ ስለነበር ወሬውን በሰማች ዕለት ሻንጣ አወረደች። እኔ ግን ሰኞ ልሂድ፣ ማክሰኞ ልቅር እል ጀመር። ሹመቱና የደመወዝ ጭማሪው ያጓጓል። ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት፣ ትዳራችንም ገና አዲስ፤ ይህ ደግሞ ያስፈራል። እንዲህ እያልሁ አወጣና አወርድ ነበር እንጂ ያቺን የሰረዝኋትን መስመር ለማንም አላነሣሁም።

ረቡዕ ዕለት ሥራ አስኪያጃችን "ሄደህ አስጋሪዎቹን አነጋግርና የተቀበረውን ዓሣ ጉዳይ ሪፖርት ጻፍ" ብለው ላኩኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የአስጋሪዎች መንደር በሐይቁ ዳር በእግሬ ሄድሁ። ስደርስ አስጋሪዎቹ ዋርካ ሥር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። በመካከላቸው ሐጂ ሰይድ አሉ። የአስጋሪዎቹ አለቃ ናቸው፤ ጢማቸው በሒና የቀላ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ።

"አንተ ነህ የዕቅዱ ሰውዬ?" አሉኝ።

"አዎ፣ ሐጂ።"

"የማን ልጅ ነህ?"

የአባቴን ስም ነገርኋቸው። ፊታቸው በራ። "የቄስ ዓለሙ ልጅ! አባትህ በየበዓሉ ወደ ደሴቱ ገዳም ሲሻገሩ በታንኳዬ የማደርሳቸው እኔ ነበርሁኮ! በል ተቀመጥ፣ ተቀመጥ።"

ተቀመጥሁ። ሐጂ መረቡን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ትኩር ብለው አዩኝ።

"እንግዲያ አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። ሁዳዴ የእኔ ጾም አይደለም፤ የእኔ ረመዳን ነው። ሁዳዴ መግባቱን ግን እኔ ሙስሊሙ አውቄ መረቤን አበዛሁ። አንተ የቄሱ ልጅ እንዴት ረሳኸው?"

አስጋሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። እውነቱን መናገር የምችለው ያን ጊዜ ነበር። ፈርቼ ነው፣ በእጄ ሰረዝሁት ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ግን ቀደመኝ።

"ረሳሁት፣ ሐጂ" አልሁ።

"አጃኢብ!" አሉና እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ "አይዞህ፣ መርሳት የሰው ነው። በእኛ ዘንድ ረስቶ የበላ ሰው እንኳ ጾሙ አይፈርስበትም። ረስቶ ነዋ! አውቆ የበላ ነው ጉዱ። ሪፖርትህ ላይ ረስቼ ነው ብለህ ጻፍላቸው፤ እኛ አውፍ ብለንሃል፣ ይቅር ብለንሃል።"

ዓሣ ጠብሰው አቀረቡልኝ። አንድ ሁለት ጎርሼ እጄን ሰበሰብሁ። ልጆቻቸውን ሊያበሉበት የነበረውን ዓሣ የቀበሩ ሰዎች ናቸው አሁን "ብላ እንጂ! በሞቴ!" የሚሉኝ።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያችኑ "አውቆ የበላ" የምትለዋን ቃል ሳመነዥካት ሄድሁ። ለካ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ትምህርቱ ያዋጣል አያዋጣም እያልሁ ራሴን አታልል ኖሯል። ያ ቦታ የተሰጠው ለማያውቅ ሰው ነው። እኔ ግን አውቅ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥ፣ በተቀበረው ዓሣ ላይ የተቀመጥሁ ሆኖ ተሰማኝ። የጎደለኝ ወኔ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማታ ክፍል ገብቼ አልማረውም።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ወረቀት ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። አንዱ ያልተፈረመው ፎርም፣ ሌላው የመጪው ዓመት ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ላይ ሁዳዴን በጉልህ ጽፌዋለሁ። ሰውየው የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው በር ድረስ ይሰማል። ሁለቱንም ጠረጴዛቸው ላይ አኖርሁ።

ዕቅዱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ የራሳቸውን እስክሪብቶ አውጥተው "የሁዳዴ ጾም" የሚለውን ሰረዙና ከላዩ "ዓሣ ፈላጊ የሚበዛባቸው ወራት" ብለው ጻፉበት። ሦስት ጊዜ የምትለዋን አልነኳትም። ፈረሙ።

"አምና እንዲህ ብለህ ብታመጣው እኮ እፈርምልህ ነበር" አሉኝ ቀስ ብለው።

ያን ያህል የፈራሁት ነገር በአንድ ደቂቃ አለቀ። ከዚያ ፎርሙን አነሡና "ይህስ?" አሉ። "ለሌላ ሰው ይሰጥልኝ" አልሁ። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። የገባቸው ይመስለኛል።

ታንጉት ስትሰማ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል! ቆይ ታየዋለህ!" ብላ ሻንጣውን መልሳ ሰቀለችው። ሁለት ሳምንት በወጉ አላናገረችኝም። ሐይቁን ትቼ መሄድ አልሆንልህ አለኝ ብዬ ሸነገልኋት። እውነቱን የምታውቀው ዛሬ ይህን ስታነብ ነው።

በቀጣዩ ሁዳዴ መኪናው በሳምንት ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አንድም ዓሣ አልተቀበረም። ቦታውን ያገኘው የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ ተምሮ ተመለሰና አለቃዬ ሆነ። ጥሩ አለቃ ነበር፤ ከትምህርቱ ያመጣው ብዙ ነገር ጠቅሞናል። እኔ በአንደኛው ዲግሪዬ ጡረታ ወጣሁ። አልቆጨኝም ብል ማን ያምነኛል? ቆጭቶኛል እንጂ። በተለይ ደመወዝ በተቀበልን ቁጥር።

ሐጂ ሰይድ ግን ያቺን ቀን አልረሷትም። ወደ መንደሩ በሄድሁ ቁጥር ከሩቅ አይተው "ሁዳዴን የረሳው የቄስ ልጅ መጣ! ዓሣ አቅርቡለት!" ይላሉ። መንደሩ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራኝ ጀመር። በፍቅር ነው፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በየጊዜው ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልሁ እሄድና ሳልነግራቸው እመለሳለሁ።

ከዓመታት በኋላ ታመሙ ተባለና ልጠይቃቸው ሄድሁ። ከስተው አልጋ ላይ ናቸው። እኔን ሲያዩ ዓይናቸው ሳቀ። "የዘንድሮው ሁዳዴ መቼ ይገባል? ወይስ ረሳኸው?" አሉኝ በደከመ ድምፅ። ቀኑን ነገርኋቸው። "ማሻአላህ፣ አሁን ሰው ሆነሃል" አሉ። ትራሳቸውን አስተካክዬ "እግዜር ይማርዎ" ብዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ዐረፉ።

ዛሬም ድረስ የሚከነክነኝ ያለፈኝ ዲግሪ አይደለም። ሐጂ ይቅር ያሉኝ ላልሠራሁት ጥፋት ነው። የሠራሁትን አልነገርኋቸውም።