እየሰጠምሁ የምነቃበት ሕልም

የመጀመሪያው ምልክት ሕልም ነበር። ሳል የለኝም፣ የሚያመኝ ቦታ የለም፣ አንገቴ ላይም ዐይን የሚስብ ነገር አልነበረም። ሕልሙ ብቻ መጣ።

በሕልሜ ጨሞጋን እሻገራለሁ። ክረምት ነው። ወንዙ ሞልቶ ቀይ ጭቃ ተሸክሟል። ውሃው መጀመሪያ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ከዚያ ወገቤ ላይ። ከዚያ መሬቱ ይከዳኛል። ውሃው በአፌ ይገባል። ልጮህ እፈልጋለሁ፤ ድምፅ የለኝም። በቃ ሞትሁ ስል አንድ እጅ ከኋላ ቀኝ ትከሻዬን ይዞ ወደ ዳር ይጎትተኛል። እነቃለሁ። ልቤ ይደልቃል፤ ላቤ አንገቴን አርሶታል።

እኔ ከይጁቤ ከተማ ወጣ ባለች የገጠር ደብር ዜማ የማስተምር መሪጌታ ነኝ። ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፏል። ሐኪም ስላልሆንሁ የምነግራችሁ የደረሰብኝንና ሐኪሞቹ ያሉኝን ብቻ ነው። የምጽፈውም አንድ ሕልም እየተመላለሰ ለሚያስጨንቃችሁ፣ “ይህን ለማን ብዬ እናገራለሁ” ብላችሁ ለያዛችሁት ነው።

ሕልሙ መጀመሪያ በወር አንድ ጊዜ ይመጣ ነበር። ቆይቶ በሳምንት ሆነ። በኋላ ቀትር ላይ ጋደም ብል እንኳ ጨሞጋ ሞልቶ ይጠብቀኝ ጀመር። ከፍርሃቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ሳይለወጥ መምጣቱ ነበር። ያው ውሃ፣ ያው ዳር፣ ያው እጅ። እጁን የመልአክ እጅ ነው ብዬ ነበር። ለማንም ባልናገርም በዚያ እጅ እኮራ ነበር ብል እውነቴን ነው።

ሽማግሌዎች ፈቱልኝ። አንዱ “ወንዝ ጠላት ነው፤ ከሰው ተጠንቀቅ” አሉኝ። ሌላው ያልከፈልሁት ስለት እንዳለ ጠየቁኝ። ጠበል ገባሁ። ሰባት ቀን ቆየሁ። ሰው ስለበዛ የምተኛበት ቦታ አልነበረም፤ ግድግዳ ተደግፌ፣ ቁጭ እንዳልሁ ነበር የማንቀላፋው። በሰባቱም ቀን ሕልሙ አልመጣም። ስለቴ ደረሰ ብዬ እያመሰገንሁ ቤቴ ገባሁ። አልጋዬ ላይ በተንጋለልሁባት በመጀመሪያዋ ሌሊት ጨሞጋ ሞልቶ መጣ።

ባለቤቴ ይታይሽ ይህን ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ “እዚያ ቁጭ ብለው ነበር የሚተኙት?” አለችኝ።

“አዎ፤ ምን አለበት?”

“ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ እንሂድ።”

“ለሕልም ሐኪም ቤት ይኬዳል?” ብዬ ሳቅሁባት።

“ለሕልሙ አላልሁም፤ ለትንፋሽዎ ነው ያልሁት” አለች።

እውነቷን ነበር። ወረብ ስንወርብ ትንፋሼ ማጠር ጀምሮ ነበር። ረጅሙን ዜማ በአንድ ትንፋሽ እጨርስ የነበርሁት ሰውዬ መካከል ላይ መቁረጥ ጀምሬያለሁ። እርጅና ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ከዚያ በኋላም ሁለት ወር አንገራገርሁ። በመጨረሻ እሷ ራሷ ሚኒባስ ውስጥ አስገብታ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ደረቴን አዳመጠ፣ አንገቴን ዳሰሰ። “ሲተኙ እንዴት ነው?” አለኝ። እንደሚስቅብኝ እያሰብሁ ሕልሙን ነገርሁት። አልሳቀም። እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ “በጀርባዎ ሲተኙ ነው ወይስ በጎንዎ?” አለኝ። አላውቅም አልሁት። የተኛ ሰው ምን ያውቃል?

“እኔ አውቃለሁ” አለች ይታይሽ።

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሐኪሙ ዞረች። “በጀርባቸው ሲተኙ ትንፋሻቸው ያፏጫል። ከዚያ ጸጥ ይላል። እኔ እቆጥራለሁ። ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ስደርስ ቀኝ ትከሻቸውን ይዤ በጎናቸው አገላብጣቸዋለሁ። ያን ጊዜ ደንግጠው ይነቃሉ።”

“ስንት ጊዜ ሆነዎት እንዲህ ሲያደርጉ?”

“ሁለተኛው ክረምት አለፈ።”

ዞሬ አየኋት። ያ እጅ የእሷ ነበር።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አልኋት በኋላ፣ ኮሪደሩ ላይ።

“ሕልሙን ይፈሩት ነበር” አለች። “በዚያ ላይ ትንፋሽዎ ይቆማል ብዬ ልጨምርብዎ?”

ወደ ኮሪደሩ ከመውጣታችን በፊት ግን ሐኪሙ ገና አልጨረሰም ነበር። “መሪጌታ፣ ሁለቱን እጆችዎን ወደ ላይ ያንሡ። ክንድዎ ጆሮዎን ይንካ። እስክነግርዎ እንዲሁ ይቆዩ” አለኝ።

አነሣሁ። ጠዋት ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ነቅቻለሁ። ጥቂት ቆየሁ። ፊቴ ሞቀኝ። ጆሮዬ ጮኸ። የአንገቴ ሥር ተገተረ። ትንፋሼ አፏጨ። ከዚያ ውሃው መጣ። ያው የጨሞጋ ውሃ። በቀን፣ ዐይኔ እያየ፣ ሰጠምሁ።

“ይበቃል፤ ያውርዱ” አለ ሐኪሙ።

እጄን ሳወርድ አየሩ ተመለሰ። ይታይሽ ፊቴን አይታ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። ፊቴ ጠቁሮ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

አልትራሳውንድ ታየሁ፤ ቀጥሎ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። በሽታው እንቅርት ነበር። እንቅርት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ የእናቴም አንገት ላይ ነበር። የእኔው ግን ወደ ውጭ ማደጉን ትቶ ቁልቁል ወርዷል፤ ከደረቴ አጥንት ጀርባ ገብቶ ተደብቋል። ሐኪሙ ፎቶውን ከመብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። “ይህ ጥቁሩ የአየር ቧንቧዎ ነው፤ ትራኪያ እንለዋለን። እዚህ ላይ ሰፊ ነው። እዚህ ሲደርስ እንቅርቱ ጨምቆታል፤ ሲንጋለሉ ደግሞ ይብስበታል።” አየሁ። ከላይ እንደ አውራ ጣቴ ወፍራም የሆነው ጥቁር መስመር ደረቴ ውስጥ ሲደርስ እንደ ስንደዶ ቀጥኗል። ዕድሜዬን ሙሉ ስዘምርበት የኖርሁትን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነበር።

“ታዲያ ሕልሜ በሽታውን ያውቀው ነበር?” ብዬ ጠየቅሁት።

ወደ ፎቶው ተመለከተ። “ያውቀው ነበር ማለት ይከብደኛል። አየር ሲያጥርዎ አእምሮዎ በእንቅልፍ ውስጥ ሆኖ መታፈኑን ይሰማል። ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ስለዚህ ከሚያውቀው ነገር ምስል ይሰጠዋል። ከዚህ በፊት ውሃ ወስዶዎት ያውቃል?”

ያውቃል። በተማሪነቴ፣ ከደብረ ወርቅ ስመለስ፣ ጨሞጋ ሊወስደኝ ሲል ለጥቂት ነበር የተረፍሁት። ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። ሰውነቴ አስቀምጦት ኖሮ በቸገረው ጊዜ አወጣው። ይህን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል።

ከዚያ ከባዱን ነገር ነገረኝ።

“ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። ካልወጣ ይዘጋዎታል። ግን ሪከረንት ላሪንጂያል የሚባል ቀጭን ነርቭ አለ። ድምፅ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። በእንቅርቱ ጀርባ ያልፋል። እንጠነቀቃለን። ድምፅዎ እንደ ነበረ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።”

ወጣሁ። አገሬ ገባሁ። ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ሌላ ሙያ የለኝም። እርሻው የተማሪ ቤቱን ያህል አያውቀኝም። ድምፅ የሌለው መሪጌታ ምንድን ነው?

የንስሐ አባቴ መጡ። ይታይሽ ናት ያስጠራቻቸው። “አባ፣ ድምፄን ለእግዚአብሔር የሰጠሁ ሰው ነኝ። ድምፄ ቢቀርብኝስ?” አልኋቸው።

“ድምፅህን የሰጠህ እስትንፋስህንም ሰጥቶሃል” አሉኝ። “እስትንፋስ ከሌለ ዜማው በምን ይወጣል?”

ከዚያ የልቤን ተናገርሁ። “አባ፣ ያ የሚያወጣኝ እጅ መልአክ መስሎኝ ነበር። ለካ ይታይሽ ነበረች።”

“ታዲያ ምን ጎደለብህ?” አሉኝ። በማግስቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ወጣን።

ተኝቼ ወረፋ የጠበቅሁበት ክፍል ውስጥ ያየሁትን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ቀኑ ረጅም ነው፤ ታማሚ ደግሞ ወሬ ይወዳል። እኔ ሕልሜን ባወራ ሌላው ሁሉ የራሱን አወጣ። ባሏን የምታስታምም አንዲት የአማኑኤል ከተማ ነጋዴ ጥርሶቿ አንድ በአንድ መዳፏ ላይ ሲረግፉ ታያለች። “ጥርስ ሲወልቅ ዘመድ ይሞታል ይባላል አይደል? እየነቃሁ እየደወልሁ ወንድሞቼን አሰለቸኋቸው፤ ሁሉም ደኅና ናቸው” አለችን። አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ያልተማረውን ፈተና ይፈተናል፤ “ሃያ ዓመት ሙሉ ፈታኝ ሆኜ በሕልሜ አሁንም እወድቃለሁ” ብሎ አሳቀን። እግሩ የተሰበረ ባጃጅ ነጂ ደግሞ ይበራል። ክንዱን እየቀዘፈ ከከተማው በላይ ይወጣል። “ስነቃ እግሬ ጀሶ ውስጥ ነው፤ ያኔ ነው ማዘኔ” አለ። እኔም ከጨሞጋ በፊት የነበረችኝን አንዲት ሕልም ተናዘዝሁ፤ ለበዓል ማኅሌት ተነሥቼ፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀኝ፣ ዜማው ከራሴ ላይ ድራሹ ይጠፋል። መምህሩ አልጋው ላይ ተነሥቶ፣ “የእኔው ፈተና ነዋ!” ብሎ ጮኸ።

ስንት ዓመት እነዚህን ሕልሞች የብቻዬ ናቸው ብዬ ደብቄ ይዣቸው ነበር! አንድ ጣሪያ ሥር የተኛን፣ በሙያ የማንገናኝ፣ የተለያየ አገር ውሃ የጠጣን ሰዎች በእንቅልፋችን የምንሄድበት መንገድ ተመሳሳይ መሆኑ አስደነቀኝ። ፍርሃቴም ያን ቀን ቀለል አለኝ።

የቀዶ ጥገናው ቀን ደረሰ። ይታይሽ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ጭንብሉን ፊቴ ላይ አደረጉ። “ይቁጠሩ” አሉኝ። አራት አልደረስሁም።

ስነቃ ጉሮሮዬ እሳት ነበር። “ስምዎን ይንገሩኝ” አለኝ ሐኪሙ። ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ። የወጣው ትንፋሽ ነው። ድምፅ አልነበረም። እንደገና ሞከርሁ። ትንፋሽ። ዐይኔን ጨፈንሁ።

በማግስቱ ጣቶቼንና የከንፈሬን ዙሪያ ነዘረኝ። ካልሲየም ወርዶ ነው ብለው በደም ሥሬ ሰጡኝ። ሐኪሙ፣ “ነርቩን አይቼዋለሁ፤ አልተቆረጠም። ደክሟል። ጊዜ ይስጡት” አለኝ። ቆየት ብሎ የወጣው እንቅርት ናሙና የተመረመረበት የባዮፕሲ ውጤት መጣ። ካንሰር አልነበረም።

ከሆስፒታል ስወጣ ድምፄ ሹክሹክታ ነበር፤ ስድስት ሳምንት ያህልም ሹክሹክታ ሆኖ ቆየ፤ ተማሪዎቼ ዙሪያዬን ተጠግተው ጆሯቸውን እየሰጡኝ፣ እኔም ዜማውን በእጄ ከፍና ዝቅ እያደረግሁ እያሳየሁ፣ ሲሳሳቱ መቋሚያዬን መሬት ላይ እየመታሁ እንማማር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የቀለም ልጅ ሲሳሳት ሰምቼ ሳላስበው ከጉሮሮዬ ወፍራም ድምፅ ወጣና አረመው፤ እሱም እኔም ደንግጠን ተያየን። ከዚያ ወዲያ ቀስ በቀስ፣ ክረምቱ አልፎ ሜዳው ቢጫ እስኪሆን ድረስ፣ ታችኛው ድምፄ ተመለሰልኝ። ላይኛው አልተመለሰም፤ ከፍ የሚለውን አሁን ሌሎች ያነሡታል፣ እኔ ከሥር እቀበላለሁ።

እንቅርቱ ያደገበት ታይሮይድ የሚባለው እጢ ሙሉ በሙሉ ስለወጣ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን በየጠዋቱ በባዶ ሆድ በውሃ እውጣለሁ፤ ይህ የዕድሜ ልክ ነው። በጾም ምን ላድርግ ብዬ አባን ስጠይቃቸው፣ “መድኃኒት ነው እንጂ ማዕድ አይደለም፤ ዋጥ” ብለውኛል። እናንተም አባታችሁን ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ ግን አታቋርጡ።

ሕልሙስ? ቀረ። ወንዙን ተሻገርሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ አልተሻገርሁም። ዝም ብሎ መምጣቱን ተወ። በጀርባዬ እንደ ልቤ ተንጋልዬ እተኛለሁ፤ ስነቃም ምን እንዳየሁ ብዙ ጊዜ አላስታውሰውም።

ሐኪሙ ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ አደራ ያለኝ ነገር አለ። መስጠምን በሕልሙ ያየ ሁሉ እንቅርት አለበት ማለት አይደለም። ብዙው ሕልም ከሐሳብ፣ ከሐዘን፣ አንዳንዱም ደርሶ ካለፈ ድንጋጤ ይመጣል፤ ለዚያም ቢሆን የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ስላለ ማፈር አይገባም። ነገር ግን እየታፈናችሁ ከሆነ የምትነቁት፣ ስትተኙ የምታንኮራፉ ወይም የምታፏጩ ከሆነ፣ ቀና ብላችሁ ስትተኙ ሕልሙ የሚተዋችሁ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እሄዳለሁ። ጠበልና ሕክምና በአንድ ሰው ላይ አይጣሉም። ከሁሉ በፊት ግን አጠገባችሁ የሚተኛውን ሰው ጠይቁት። ስለ እንቅልፋችሁ ከእናንተ የበለጠ ያውቃል።

ለሐኪሙ፣ ለነርሶቹ፣ ለአባ ምስጋናዬን አድርሻለሁ። ይታይሽን ግን በምን ቃል እንደማመሰግናት አላውቅም። ከሆስፒታል በተመለስን በሦስተኛው ቀን ማለዳ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ደወሉን ሰምታ ቀድማኝ ያልተነሣችበትን ቀን አላስታውስም። ያን ቀን አልነቃችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ተኝታለች። ቁጭ ብዬ ትንፋሿን አዳመጥሁ። ረጅም ነበር፤ አልተቆራረጠም። ጋቢዬን ደርቤላት፣ በሩን እንዳይጮህ ቀስ አድርጌ ዘጋሁና ወጣሁ። ያን ቀን ከማኅሌቱ ዘገየሁ።