የካቺሲው ለቅሶ

ሰው ሲያስተዛዝነኝ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

በሳይክል አገር ስዞር ሃያኛ ቀኔ ነበር። ቀትር ላይ ካቺሲ ገብቼ ርካሽ አልጋ ጠየቅሁ። የማረፊያው ባለቤት አዴ ጫልቱ ግን ሳይክሌን አፍጥጠው አዩና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ ወጡ።

ገና ፊቴን ሳልታጠብ ግቢው በአልቃሽ ሞላ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ደበላ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝና፣ «አይዞህ ልጄ፣ በወግ ቀብረነዋል» አሉኝ።

ለካስ ባለፈው ክረምት አንድ እንግዳ እንደኔው በሳይክል መጥቶ፣ እዚሁ ደጃፍ ላይ ወድቆ፣ ቃል ሳይተነፍስ ሞቷል። ዘመድ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ ለቅሶው እንደ አዲስ ይለቀሳል። በሳይክል የመጣሁት እኔ ዘመዱ ተደረግኩ።

«ኧረ አላውቀውም!» ብዬ ብጮህ፣ «ሐዘን እንዲህ ያደርጋል» እያሉ ጀርባዬን ያሻሉኛል። አዴ ጫልቱ አጥበው ያስቀመጡትን የሟቹን ሹራብ ጭኔ ላይ ሲያኖሩልኝ ግን መከራከሩ አሳፈረኝ። ክርኑ ላይ በእጅ የተጣፈ ሹራብ ነው። አለቀስኩ፤ የምሬን።

ሲወጣልኝ ቀስ ብዬ፣ «ስሙ ማን ነበር?» አልኩ።



«መቃብሩ ላይ የምንጽፈውን» አሉ ኦቦ ደበላ፣ «ካንተ ነበር እኮ የምንጠብቀው።»