አገጬ ላይ የነበረው ንቅሳት

አገጬ ላይ ጢም ያበቀልኩት ካምፓላ ከገባሁ በኋላ ነው። ካምዎክያ ሰፈር የማስተናግድበት ምግብ ቤት ባለቤት፣ የአገሬ ሰው፣ "እህቴ፣ ደንበኛ እየሸሸብን ነው፤ አንድ ነገር አድርጊ እንጂ" አለኝ። እሱ ራሱ በሳምንት አንዴ ቢላጭ ነው! በንዴት ኪኩቦ ገበያ ወረድኩና ፀጉር የሚያጠፋ የቤት ሌዘር ገዛሁ።

ሌዘሩ ፀጉር የሚያጠፋው ጥቁር ነገር እየፈለገ በማቃጠል መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው፤ መመሪያው በቻይንኛ ነበር። አገጬ ላይ ደግሞ ጥቁር ንቅሳት አለኝ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ለነቃሿ የራሷን አገጭ ንቅሳት እያሳየች፣ "ልክ እንደዚህ አድርጊላት" ብላ ያስነቀሰችኝ ነው። የሌዘሩ መብራት እዚያ ላይ ብልጭ ሲል ጮህኩ። ግን እልኸኛ ነኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ጨረስኩት። በማግስቱ አገጬ ውሃ ቋጠረ። ቁስሉ ሲድን ንቅሳቱ የነበረበት ቦታ ነጭ ጠባሳ ሆኖ ቀረ።

የእናቴ ፎቶ የለኝም። ከሞተች ወዲህ ስትናፍቀኝ መስታወት ፊት ቆሜ አገጬን ቀና አደርግ ነበር።

ጢሙ በወሩ ተመልሶ በቀለ። አሁን በምላጭ፣ በዳበሳ ነው የምላጨው። መስታወት አላይም።