የቀመሪያ አቼቶና የቀበሌው ማኅተም

ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ቀመሪያን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ሰላጣ በልቶ የማያውቅ ሰው ነው። ባሏ ምድር ባቡር ሲሠራ ኖሮ ጡረታው ሳይደርስ የሞተባት ሴት ናት፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብላ የምትጠራ የድሬ ልጅ። የጠርሙስ አቼቶ ከሱቅ ከጠፋ ወዲህ ሰፈሩን አቼቶ የምታበላው እሷ ነች። አብዮቱ ስኳሩንም ሳሙናውንም በየተራ ሲያጠፋ አቼቶን የሚምርበት ምክንያት አልነበረውም።

ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ተምር ትዘፈዝፋለች፤ ሲሟሟ አጥልላ አፈ ሰፊ የመስታወት ጋን ውስጥ ትገለብጠዋለች፤ ከዚያ እርሾውን ላዩ ላይ ታስተኛለች። እርሾው እንደ ራሰ ቆዳ የሚዝለገለግ ሽፋን ነው፤ ከአማቷ የወረሰችው፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይሞት የኖረ። የጋኑን አፍ በስስ ጨርቅ ሸብባ፣ አርባ ቀን ትተወዋለች። ተምሩ መጀመሪያ መጠጥ ይሆናል፤ መኮምጠጡ ከዚያ በኋላ ነው። ቀመሪያ ሙስሊም ናትና እስኪኮመጥጥ በጣቷ ነክታ እንኳ አትቀምሰውም። «ገና መንገድ ላይ ነው» ትላለች። መድረሱን የምታውቀው ኖራ የተቀባ ግድግዳዋ ላይ ጠብታ ጣል አድርጋ ነው፤ ግድግዳው ላይ አረፋ ከደፈቀ ደርሷል።

በ1974 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ፣ ሮመዳን ሊገባ ሃያ ቀን ሲቀረው፣ ጓድ ክፍሉ መጣ። ጓድ ክፍሉ የቀበሌው የሕገወጥ መጠጥ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ሦስት በራሪ ጽሑፍ አንብቦ አራቱ ያልገቡት ሰው።

«ወይዘሮ ቀመሪያ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«አቼቶ።»

ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ጋኑ ገና ሃያኛ ቀኑ ነበር። «አረቄ አረቄ ይላል።»

«መንገድ ላይ ነዋ! ሃያ ቀን ቆይተህ ና።»

«ሰፊውን ሕዝብ የሚያደነዝዝ መጠጥ በድብቅ እየተጠመቀ፣ ኮሚቴው ሃያ ቀን አይጠብቅም።»

«ወላሂ አንተ ሰውዬ! ሃምሳ ዓመት ከአፌ ያልገባውን ለሰው ልሸጥ?»

ጎረቤት ሴቶች በሩን ሞሉት። ክፍሉ ከሴቶቹ ፊት ጋኑን ለመድፋት ወኔ አጣ፤ ስለዚህ ወኔ ያጣ ባለሥልጣን ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ማኅተም አወጣ። ጨርቁን ፈትቶ የቆርቆሮ ክዳን ደፋበት፣ ዙሪያውን በሰም ደፈነና ሰሙ ላይ የቀበሌውን ማኅተም መታ። «ኤግዚቢት ነው። በሮመዳን ዋዜማ ኮሚቴው ይመረምረዋል። መጠጥ ከሆነ ደቻቱ ወንዝ ይደፋል፤ አንቺም ትጠየቂያለሽ።»

ቀመሪያ ያን ሌሊት አልተኛችም። አቼቶ አየር ካላገኘ አይኮመጥጥም፤ መጠጥ እንደሆነ ይቀራል፤ እርሾውም ታፍኖ ይሞታል። ማኅተሙን ብትሰብር እስር ቤት ናት፤ ብትተወው ደግሞ ክዳኑ ራሱ መስክሮባት አረቄ ጠማቂ ትባላለች።

ጠዋት ሻርፗን ጣል አድርጋ ቀበሌ ሄደች። ለስኳር የተሰለፈው ሕዝብ ግቢውን ሞልቶታል። ክፍሉ በረንዳው ላይ ቆሟል።

«አንተ ክፍሉ! ጋኔ ላይ ያለው ማኅተም የማን ነው?»

«የቀበሌው ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ስማኝ። አየር ካላገኘ መጠጥ ሆኖ ነው የሚቀረው። እስከ ትናንት የኔ አቼቶ ነበር፤ ካተምክበት ወዲህ የቀበሌው አረቄ ነው። ሮመዳን ሊገባ እኔ የቀበሌ አረቄ ቤቴ አላሳድርም። ና ውሰድልኝ!»

ከሰልፉ መሀል ሽማግሌው ዋይስ ኩፖኑን ከፍ አድርጎ፣ «አቦ ክፍሉ፣ ለአንድ ቤተሰብ ስንት ሊትር ይደርሰናል?» ሲል ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ክፍሉ በራሪ ጽሑፎቹን በልቡ አገላበጠ፤ ስለ አቼቶ የሚል ምዕራፍ አልነበራቸውም። ምሳ ሳይበላ ቤቷ መጥቶ ሰሙን በገዛ እጁ ፈለፈለ፣ ጨርቁን መልሶ በክር አሰረና ማኅተሙን በክሩ ቋጠሮ ላይ አደረገ።

«ይህ ማስተካከያ ነው» አለ። «ስህተት አይደለም።»

ቀመሪያ አጎንብሳ በመስታወቱ ታያለች። እርሾው አልሰመጠም፤ እንደተንሳፈፈ ነው። «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ለጋኑ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

በዋዜማው ክፍሉ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር መጥቶ ማኅተሙን ፈታ። ቀመሪያ በማንኪያ ጨልፋ ግድግዳው ላይ ጣል አደረገች። ግድግዳው ጭስስ ብሎ ነጭ አረፋ አወጣ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ክፍሉ ግን በግድግዳ ምስክርነት የሚያምን ሰው አይደለም፤ ግድግዳ የኮሚቴ አባል አይደለማ! «እኔ ራሴ መቅመስ አለብኝ» አለ። ያደገው አረቄ በአንድ ትንፋሽ በሚጨለጥበት አገር ነውና፣ የሞላውን ጭልፋ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግድግዳውን ተደግፎ ሳል ያጣድፈው ጀመር። ትንፋሹ ሲመለስለት፣ ራሱን እንደሚያጋልጥ ሰው አቀርቅሮ፣ «አቼቶ ነው» አለ። ቃለ ጉባኤው ላይም ሰፈረ።

ቀመሪያ ያን ቀን ስታጠልልና ጠርሙስ ስትሞላ ዋለች። እርሾው ወፍሮ ስላገኘችው ለሁለት ቆረጠችው፤ ግማሹን ለአዲስ ጋን አስቀመጠች። እግሯን ዘርግታ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች፤ ከየቤቱ ቲማቲምና ጎመን ሲከተፍ ይሰማታል፤ የሁሉም አቼቶ የእሷ ነው።

አመሻሹ ላይ የክፍሉ ሚስት ዘነበች ባዶ ጠርሙስ በነጠላዋ ሥር ይዛ፣ ግራ ቀኝ እያየች መጣች።

«እትዬ ቀመሪያ፣ ትንሽ ካለሽ... ጥሩ ነው አሉ።»

ቀመሪያ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ሞላችላት።

«ባልሽን ጠይቂው» አለቻት። «ከሰፈሩ ሁሉ አብዝቶ የጠጣው እሱ ነው።»