የተቸነከረው ደፍ

የተጋዘ እንጨት ሽታ ከቀዝቃዛ ሲሚንቶ ሽታ ጋር ሲደባለቅ አልወድም። ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን መኝታ ቤቴን ላሚኔት የሚሉትን የእንጨት ወለል ሳስነጥፍ ይኸው ሽታ ቤቱን ሞላው። ሠራተኛው ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጨርሶ በመኝታ ቤቱና በሳሎኑ መገናኛ ላይ የሚውለውን ክፈፍ ይዞ ድሪሉን ወደ እንጨቱ ሲያስጠጋ ግን "ኧረ በእመቤቴ! እንጨቱን እንዳትበሳው!" ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። "ሲሚንቶው ላይ ብቻ እሰረው። ወለሉን ተወው፣ ይላወስበት።" "እትዬ፣ ሙያው አለዎት እንዴ?" አለኝ። የምን ሙያ! እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ሚስማር ስመታ የማገኘው አውራ ጣቴን ነው። ይህን ያስተማረኝ በልጅነቴ መሐል ሜዳ ጎረቤታችን የነበሩት የጋሽ ደምሴ ደፍ ነው።

ጋሽ ደምሴ አናጢ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪ ኮታቸው ኪሱ በሚስማር ተበሳስቶ ያለቀ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው። በላስቲክ የታሰረች ሬድዮ ነበረቻቸው፤ ቀኑን ሙሉ እሷ ታወራለች፣ እሳቸው ዝም ብለው ይልጋሉ። የቤቱ አፍ ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ነበሩ። ቅዳሜ ገበያ ባና፣ ያን ከበግ ጠጉር የሚሠራ የመንዝ ብርድ ልብስ፣ ይሸጡ ነበር። ድምፃቸው ከገበያው ማዶ ይሰማል፤ ዋጋ የሚያወርድባቸውን ሰው "አንተ ለብሰኸው ልትሞቅ ነው ወይስ እኔን ልታበርደኝ ነው የመጣኸው?" ይሉታል፣ ሰውየው ስቆ ይከፍላል። እናቴ ምንም ሳትገዛ ወሬያቸውን ለመስማት ብቻ ትሄድ ነበር።

እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የእትዬ በላይነሽ እግር ተያዘ። ሆስፒታል ከርመው ሲመለሱ መቆም አልቻሉም፤ ሐኪሙም "ብርድ እንዳያገኛቸው" ብሎ አደራ አለ። ወይ አደራ! ጋሽ ደምሴ ያቺን ቃል እንደ ግዝት ያዟት። መስኮቱ ጣት ከምታስገባው ክፍተት በላይ አይከፈትም። በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ጠያቂ ሲመጣ "ተኝታለች" እያሉ ከደጅ ይመልሳሉ። እናቴ እንደምትለው ብርዱን ብቻ አልነበረም የፈሩት፤ ያቺን ገበያ የምታናውጥ ሴት ሰው ተኝታ እንዲያያት አልፈለጉም።

መንዝ ላይ ደግሞ ብርድ ከላይ ብቻ አይመጣም፣ ከምድርም ይወጣል። የመኝታ ቤቱ ወለል ሊሾ ነበርና ጋሽ ደምሴ በጥር የእንጨት ወለል ሠሩላቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ትልልቅ ቤቶች ሲሠሩ መሬት ላይ የማይቸነከር ወለል አይተው ነበር። አሮጌ ባና ሁሉ ሰብስበው ሊሾው ላይ አነጠፉ፤ በላዩ ጣውላውን ወንዴና ሴቴ አድርገው እርስ በርስ አገጣጠሙት፤ በግድግዳው ዙሪያ ሁሉ የጣት ክፍተት ተዉለት። አንድ ሚስማር አልነካውም። ስትረግጠው ሞቃት ነው፣ ድምፅም የለው። እናቴ አንዴ ብቻ ገብታ አይታው "የቤተ መንግሥት ነው!" ብላ ወጣች።

የቀረው ደፉ ብቻ ነበር፤ እንጨቱ ከሳሎኑ ሲሚንቶ ጋር የሚገናኝባት፣ በሩ ሥር ያለችው ክፍተት። ነፋስ በእሷ ይገባል ብለው ተጨነቁ። የበግ ጠጉር በመሮ ጫፍ እየጠቀጠቁ ሞሉባት፤ በላይዋ ከወይራ የተላገ ክፈፍ አጋደሙና አንዱን ጎን ከጣውላው ጋር፣ አንዱን ጎን ከሲሚንቶው ጋር በረጃጅም ሚስማር ጠረቀሙት። "እንግዲህ ነፋስ ከቻለ ይግባ!" አሉ። ጋሽ ደምሴ ሲኩራሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በጓሮ ዞሬ መስኮቱ ሥር እቆማለሁ። የብረት ፍርግርግ አለው፤ በዚያች ጣት በምታስገባው ክፍተት እናወራለን። "ነይ እስቲ፣ ገበያው እንዴት ዋለ? ባናው ስንት ገባ? ማን ተጣላ?" ይሉኛል። ወሬ ሲያልቅብኝ እፈጥራለሁ፤ ሐሰት መሆኑን እያወቁ ይስቁልኛል። አንድ ቀን ግን ሳይስቁ "ልጄ፣ እኔ እኮ በቁሜ ተቀበርኩ" አሉኝ። "መንገዱን ባይ ምን ይለዋል? ደጅ አውጣኝ ስለው 'ብርድ ይመታሻል' ይለኛል።" ሮጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሐምሌ ገባ፤ ያ የመንዝ ጉም ቤት ድረስ ዘልቆ ልብሱን፣ ዱቄቱን፣ ደብተሬን ሳይቀር አረጠበው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ደምሴ እንደ ልማዳቸው የከሰል ማንደጃውን አቀጣጥለው ከእትዬ በላይነሽ አልጋ አጠገብ አኖሩና በሩን ዘግተው ወደ ሥራ ወጡ። እኔ መስኮቱ ሥር ስደርስ ድምፃቸው ተለወጠብኝ። "ከሰሉ ራሴን ያዞረኛል... ደምሴን ጥሪልኝ" አሉኝ። ጠርቼ አመጣኋቸው። በሩን ቢገፉት እምቢ። በትከሻቸው ቢመቱት እምቢ።

ወደ ጓሮ ሮጬ በፍርግርጉ አሾልቄ ሳይ ወለሉ ከበሩ ኋላ ተነሥቶ ሻኛ አውጥቷል። እርጥበቱ እንጨቱን አሳብጦ የግድግዳውን ክፍተት አስሞልቶታል፤ በሦስቱ ጎን ግድግዳ፣ በደፉ በኩል ሚስማር ይዞታል፤ መሄጃ ቢያጣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ወደ ላይ ተነሣ። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ ሻኛው አግዶታል። "ጋሽ ደምሴ፣ ወለሉ ተነሥቷል!" ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ከሳሎን "በላይነሽ! በላይነሽ!" ይላሉ። እትዬ በላይነሽ አንገታቸውን ወደ እኔ አዙረው በቀጭን ድምፅ "መስተዋቱን ስበሪው" አሉኝ። የጋሽ ደምሴን መስኮት! ድንጋይ አንሥቼ በፍርግርጉ መሐል ሰነዘርኩ። መስተዋቱ ተፈረከሰ፤ ጉሙና ነፋሱ ተግተልትለው ገቡ። እትዬ በላይነሽ አፋቸውን ከፍተው አየሩን ሳቡት።

ዞሬ በሳሎኑ በኩል ስገባ ጋሽ ደምሴ በጉልበታቸው ተንበርክከው መሮውን ከወይራው ክፈፍ ሥር እየከተቱ በመዶሻ ይመታሉ። እጃቸው ይደማል። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል፤ ያን ጊዜ ማንንም አልመለሱም። የመጨረሻው ሚስማር ጮኾ ሲነቀል ወለሉ ከበሩ ሥር ወደ እኛ ተንሸራተተ፤ ሻኛውም ረገበ። በሩን ገፉት፣ ተከፈተ።

ጋሽ ደምሴ አልጋው ሥር ወድቀው "ብርድ መታሽ? ብርድ መታሽ?" አሉ። ሌላ ቃል አልመጣላቸውም። እትዬ በላይነሽ ያን ሁሉ ሰው በሩ ላይ አዩ፤ ከዚያ ባላቸውን አዩ።

"አንተ ሰውዬ፣" አሉ፣ "እኔን ብርድ አይደለም የገደለኝ። በር ነው።"

ጋሽ ደምሴ በሰው ፊት አለቀሱ። በዚያው ቀን በሩን ከማጠፊያው ነቅለው አወጡት። ክፈፉንም አስተካክለው መልሰው ሲመቱ ሚስማሩ በሲሚንቶው በኩል ብቻ ሆነ፤ የእንጨቱ ጎን ዝም ብሎ ላዩ ላይ አረፈ። "ወለል መላወሻ ይፈልጋል። አውቄው ነበር እኮ" አሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፤ አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ጉም በሌለበት ቀን ሁሉ ሚስታቸውን እንደ ሙሽራ አቅፈው ደጅ ያወጧቸው ነበር። እትዬ በላይነሽ በባና ተጠቅልለው መንገደኛውን ሁሉ ይጠሩታል፣ ይሰድቡታል፣ ይመርቁታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩና በሰላም ዐረፉ።

ጋሽ ደምሴ ብዙ ቆዩ። እሳቸው ሲሞቱ ለለቅሶ መሐል ሜዳ ሄድኩ። ቤቱ ለእህታቸው ልጅ ደርሷታል፤ ልጆች አሏትና ለመኝታ ቤቱ በር ልታስገጥም አናጢ አምጥታ ነበር። "አናጢው ማጠፊያው የነበረበትን አጣሁት አለኝ" ብላ መቃኑን አሳየችኝ። እኔም በዓይኔ አላገኘሁትም። እጄን ሳሳልፍበት ግን ጣቴ ቀጭን መጋጠሚያ ላይ ደረሰ፤ ከታች ሌላ አለ። ጋሽ ደምሴ የማጠፊያዎቹን ጎድጓዳ ሁለቱንም በጥድ ሞልተው፣ በኮላ አጣብቀው፣ ከመቃኑ ጋር እኩል ልገውታል። እዚያው ቆሜ ለእሳቸው አለቀስኩ። ልጅቱ ግራ ቢገባት በሩ ለምን እንደተነቀለ ነገርኳት፤ በማግስቱ አናጢውን አሰናብታ መጋረጃ ሰቀለች።