እትዬ ውብነሽ የሠሩበት ሱቅ

ልጅ ሳለሁ፣ ሚዛን ተፈሪ ላይ አመሻሹን ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ መደብደብ ሲጀምር መብራት ይጠፋል፤ ያኔ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ፋኖስ ወዳላቸው ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ውብነሽ ቤት እንሮጣለን። ጎደሬው ምድጃ ላይ እየተቀቀለ፣ የፍሙ ወላፈን ፊታችንን እየለበለበው፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰው እሳቸው ያወሩልናል። የጦጣና የጅቡን ተረት ማንም እናት ታወራዋለች፤ የእሳቸው ግን ስለ አንድ ሱቅ ነበር።

እትዬ ውብነሽ ባለቤታቸው በሥራ ወደ እኛ አገር ተዛውረው ሳያመጧቸው በፊት፣ ፒያሳ በሚገኝ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሻጭ ነበሩ። ኳሶቹ በመረብ ከጣራው የተንጠለጠሉበት፣ የሩጫ ጫማው በመስታወት ውስጥ የተደረደረበት፣ በሩ ሲከፈት የአዲስ ቆዳ ሽታ የሚቀበልዎት ቤት። አንድ ቀን አንድ ሯጭ ጫማ ለክቶ «ሮጬ ካልሞከርኩት አልገዛም» አለ። ባለሱቁ ፈቀደለት። ልጁ በዝናቡ ውስጥ ተፈተለከ። ሻጮቹ «በቃ፣ በላን» እያሉ አንገታቸውን በበሩ አውጥተው ሲጠብቁት፣ ውሃ እያንጠፈጠፈ ተመልሶ «ትንሽ ይጠበኛል» አለ። ይቺን ስንት ጊዜ አስደገምናቸው!

ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ሱቅ መኖሩን አዋቂዎቹ አያምኑም ነበር። እኛ ዘንድ ሱቅ ማለት ጨው፣ ላምባ፣ ምስማርና ደብተር ባንድ ጣራ ሥር ማለት ነው። አባቴ ራሱ ባለሱቅ ነበርና ይሥቃል። «ሳሙና የማይሸጥ ሱቅ? እትዬ ውብነሽ ወግ ያውቁበታል።» እኔ ግን አምናቸው ነበር፤ እሱንም ላሳምነው ቆርጬ ተነሣሁ።

የሴቶች መረብ ኳስ ቡድናችን ከቴፒ ልጆች ጋር ሊጫወት ሲቃረብ ዕድሉ የመጣ መሰለኝ። ዝናብ ያራሰውን ኳሳችንን እናቴ አዝናልን እንደ በቆሎ ዘር ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቀለችው፤ ቆዳው ደርቆ ተሰነጠቀ። እኛም ቡና ለቅመን ባገኘነው፣ አዲስ አበባ የሚመላለሱትን ሾፌር ጋሽ ከድርን ኳስ እንዲገዙልን ላክናቸው። «ከእሳቸው ሱቅ ብቻ» ብዬ አጥብቄ ለመንኳቸው። እትዬ ውብነሽም መሬት ላይ በጣታቸው እየሣሉ ቦታውን አሳዩአቸው።

ጋሽ ከድር ኳስ ይዘው ተመለሱ። «ያሉኝ ቦታ ድረስ ሄጄ ነበር» አሉ፣ አባቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመው፤ «ያለው የሙሽራ ልብስ ቤት ነው። የስፖርት ሱቅ የሚያውቅ ሰው አጣሁ። ኳሱን የገዛሁት መርካቶ ነው።»

ቴፒዎችን ማሸነፋችንን እንኳ የሚያወራ ጠፋ። እትዬ ውብነሽ ገበያ ሲወጡ «ባለተረቷ መጡ» የሚሉ በዙ። ከዚያ ወዲያ ፋኖሱ ይበራል፣ ጎደሬው ይቀቀላል፤ ስለ ሱቁ ግን ትንፍሽ አላሉም። እልህ ያዘኝ። ሱቅ ሊዘጋ እንደሚችል ነጋዴው አባቴ እንዴት ይጠፋዋል? ያኔ ለራሴ አንድ ነገር ነገርኩት፤ ከሌለ እኔ እከፍተዋለሁ።

ጊዜ ፈጀብኝ። አስተማሪ ሆኜ፣ ከአፌ እየነጠቅሁ ቆጥቤ፣ እዚያው ሚዛን ከፈትኩት። ኳስ፣ ጫማ፣ ማሊያ፣ ፊሽካ፤ ሌላ ምንም የለም። አባቴ «ጥቂት ስኳር እንኳ ጎን ላይ አስቀምጪ፤ ግትር ሆንሽ እኮ» ይለኛል። አላስቀመጥኩም።

በከፈትኩ ሰሞን እትዬ ውብነሽ በባጃጅ መጡ። አርጅተዋል። አባቴ ወንበር አቀረበላቸው። ዙሪያውን ቃኙ፤ ቅር ያላቸው መሰለኝ። በዚህ መሃል አንዲት ተማሪ የሩጫ ጫማ ፈልጋ ገባች። የእግሯን ቁጥር ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ እትዬ ውብነሽ ከወንበሩ ተነሥተው በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተንበረከኩ። እግሯን በመዳፋቸው ለክተው ጫማውን አጠለቁላትና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ቁሚ እስቲ፣ የኔ ልጅ። ጣትሽን ይነካሻል? ተረከዝሽ ጋስ ይወልቃል?»

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። ልጅቷ ስትወጣ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ይዞ አነሣቸው።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ለምኑ?» አሉት። «ይልቅ ያንን ሰማያዊ ጫማ ወደ መስታወቱ አስጠጋው፤ ከመንገድ አይታይም።»

በልጅነቴ ከሰማኋቸው ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ ይኼኛው ሳይጠፋብኝ የቀረው ሰው ስለሣቀበት ይመስለኛል። እትዬ ውብነሽ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይሸጡልኝ ነበር። ስለ ፒያሳው ሱቅ እኔም አልጠየቅኋቸው፣ እሳቸውም አላነሡት፤ ሥራ በዝቶብን ነበር።